የበሬው ስም የት አለ? ስለ ጋምቤላ ዜማዎች ቀረጻና አጠባበቅ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የጋምቤላ ሕዝቦች ዜማ በቀረጻ ሲጠበቅ ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚጠፋ ነው። ለመነሻ የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የወጣውን «ኑዌር» የተሰኘ የአሜሪካውያን ፊልም ነው። ሒላሪ ሃሪስና ጆርጅ ብራይደንባክ ያዘጋጁት፣ ሮበርት ጋርድነርም የተሳተፈበት ይህ ሥራ የተቀረጸው በአገራችን ምድር፣ በደቡብ ሱዳን ጠረፍ ባለው የኑዌር አገር ነው። ካሜራው ከብቱንና ከብት ጠባቂውን፣ የበረቱን ጭስና የሜዳውን ስፋት በፍቅር አይቷል። ይሁን እንጂ ፊልሙ በቃል እጅግ ቁጥብ ነው። ከባህል አጥኚዎች ወገን፣ ውበቱ ማብራሪያውን ዋጠው የሚል ወቀሳ ተሰንዝሮበታል። ወቀሳውን እንቀበላለን፤ ምክንያታችን ግን ከግጥም ወገን የሚመጣ ነው።

የኑዌር ጎረምሳ «ጋር» በተባለው ሥርዓት ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ሲበጣ ወደ ጎልማሶች ማኅበር ይገባል። በዚያን ጊዜ በሬ ይሰጠዋል፤ ከበሬው መልክና ከቀንዱ አወጣጥ የተወሰደ ስምም ይይዛል፤ እኩዮቹም በዚሁ ይጠሩታል። አባ ታጠቅ ሲባል አፄ ቴዎድሮስን፣ አባ ዳኘው ሲባል አፄ ምኒልክን ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ በእነርሱ ዘንድ የከብት ስም የመኳንንት ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ጎልማሳ ሀብት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ዘፈን የግሉ ነው፤ በሬውን ያሞግስበታል፣ የወደዳትን ልጃገረድ ያነሣበታል፣ የበደለውን ዘመድ ይወቅስበታል። እንግዲህ በአንድ ክር መጠቅለያ ላይ «የኑዌር ባህላዊ ዘፈን» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ምን እንደ ተደረገ አንባቢ ይፍረድ። ድምፁ ተጠብቋል፤ ደራሲው ግን ከገዛ ግጥሙ ተባሯል። «ደራሲው ሕዝቡ ነው» የሚለው ያማረ አባባል እዚህ ላይ ሰውን ለመርሳት የተመቸ ሰበብ ይሆናል።

የአኙዋክ ዜማም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። አግዋጋ በከበሮ የሚታጀብ የውዳሴ ዘፈን ነው፤ የሚወደሰው መኰንን ወይም የመንደር አለቃ ማን እንደ ሆነ፣ የሚነሣው ጦርነት የትኛው እንደ ሆነ ካልታወቀ በቀር ለሰሚው የሚደርሰው ከበሮው ብቻ ነው። ቶም ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ይህ በእጅ ተይዞ ምላሶቹ በአውራ ጣት የሚመቱ መሣሪያ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለተቀመጠ ሰው የሚናገር ነው። በድምፅ ማጉያ ፊት አቁሞ ለአደባባይ ማጫወት ሹክሹክታን በጩኸት እንደ መተርጐም ነው፤ ስንት ጊዜስ እንዲህ ሲደረግ አይተናል!

ፊልሙን የሠሩት አሜሪካውያን እንደ መሆናቸው መጠን በገዛ አገራቸው የዜማ ታሪክ ምን እንዳደረጉ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. ጄሲ ዎልተር ፊውክስ በሜይን ግዛት የፓሳማኳዲ ሕንዶችን ድምፅ በኤዲሰን የሰም ሲሊንደር ቀዳ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አሊስ ፍሌቸርና ፍራንሲስ ላ ፍሌሽ የኦማሃ ሕዝብን ዘፈኖች ቀዱ። ላ ፍሌሽ ራሱ የኦማሃ ተወላጅ ስለ ነበር ቋንቋውን ያውቅ ነበር፤ የሚቀዳውን ዘፈን እንደ ባዕድ ጩኸት አልሰማውም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ጆን ሎማክስና ልጁ አላን በሉዊዚያና እስር ቤት ያገኙት ሌድቤሊ ስሙ ከነሙሉ ዝናው ተጠብቋል፤ ነገር ግን በዘፈኖቹ ላይ የሎማክስ ስም በደራሲነት መጨመሩ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። እንዲያውም በአገሩ የመጠበቅ ዕውቀት ሁሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በሆሊውድ በዩኒቨርሳል ግቢ የተነሣው እሳት የብዙ ዘፋኞችን ዋና ቅጂ በልቷል። ሀብት መኖሩ ብቻ አያድንም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ትልቁ ትምህርት የኦማሃዎቹ ታሪክ ነው። ሲሊንደሮቹ ለአሥርት ዓመታት በመጋዘን ከተቀመጡ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ወደ ዘመናዊ ክር የሚገለብጥ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ቅጂዎቹ ወደ ኦማሃ ሕዝብ ተመለሱ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከእነዚሁ የተመረጡት በሸክላ ታተሙ። የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ድምፅ ሰሙ። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ሕዝብ ስም በተጠራችው በነብራስካዋ የኦማሃ ከተማ ዛሬ ብዙ ኑዌሮች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል በጋምቤላ በኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ያለፉ አሉ። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ነገ የአባታቸውን የበሬ ስም ቢፈልጉ ማንን ይጠይቁ?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀዱት ድምፅ እነሆ ከነስማቸውና ከነግጥማቸው ይጠቀሳል። አማርኛ የሚዘፍን ከያኒ ይህን ያህል ክብር ካገኘ ለባሮ ዳር ከያኒ የምንነፍግበት ምክንያት የለም። እስካሁን ግን የጋምቤላ ዜማ በአብዛኛው የሚታወቀው በመድረክ ነው፤ አምስቱ ነባር ብሔረሰቦች፣ ኑዌር፣ አኙዋክ፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ፣ ተራ በተራ ጥቂት ደቂቃ ጨፍረው ይወርዳሉ። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን 10ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በጋምቤላ ከተማ ሲከበር መድረኩ በሙሉ የፍቅር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥር፣ በዚያችው ከተማ በአኙዋክና በኑዌር መካከል ደም ፈሰሰ። መድረኩ ለግጭቱ ተጠያቂ ነው አንልም። የምንለው፣ ከመድረኩ ተቆርጦ የቀረው የዘፈን ክፍል ስለ ከብት ዘረፋ፣ ስለ ሣርና ስለ ውኃ፣ ስለ ሞቱ ወንድሞች የሚናገረው መሆኑን ነው።

የባህል ሠራተኛው ከባዱ ጥያቄም ይኸው ነው፤ የጠብ ዘፈን ይቀዳ ወይስ አይቀዳ? አይቀዳ የሚሉ ወገኖች ቁስል ይቀሰቅሳል ይላሉ፤ ስጋታቸው ቀላል አይደለም። በእኛ አስተያየት ግን መቅዳትና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቤተ መዛግብት የሚያስቀምጠውን ሁሉ በሬዲዮ እንዲያሰማ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ዘፈኑ ከነስድቡ ይቀዳ፤ የዘፋኙ ስም፣ የበሬው ስም፣ መንደሩ፣ ዘመኑ፣ የተዘፈነበት ምክንያት በኑዌርኛ ወይም በአኙዋክኛ፣ ከጎኑም በአማርኛ ይጻፍ፤ መቼና ለማን እንደሚከፈት የዘፋኙ ቤተሰብና የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይወስኑ። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ጋምቤላ ይቀመጥ። ሦስተኛው ደግሞ በዘፋኙ ቤት፣ ልጆቹ ሊያጫውቱት በሚችሉት መሣሪያ።