ዜሮ ቁጥር ማለት ዜሮ አደጋ ማለት አይደለም፦ ባለቀለም የዓይን ሌንስ ሲገመገም

የባለቀለም ኮንታክት ሌንስ ማስታወቂያ ስታዩ አንድ ነገር አስተውሉ። ግራጫ፣ ማር፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይደረደራል፤ ዋጋ ይጻፋል፤ በቃ። ከምን እንደተሠራ፣ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ኦክስጅን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። የመኪና ጎማ እንኳ ያለ ቁጥሩ አይገዛም። ታዲያ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ዕቃ እንዴት በቀለሙ ብቻ ይመረጣል?

ኮርኒያም ትተነፍሳለች

ከዓይናችን ፊት ያለችው ጥርት ያለች ሽፋን ኮርኒያ ትባላለች። ብርሃን ሳይጋረድ እንዲያልፍባት የደም ሥር የላትም፤ ኦክስጅን በዋናነት የምታገኘው ከአየር ነው፣ በእንባ በኩል። ሌንስ ስታደርጉ ይህን መንገድ ትሸፍኑታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሆልደንና መርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሌንስ የኦክስጅን ማሳለፍ አቅም መለኪያ አስቀመጡ፦ ቀን ብቻ ለሚደረግ ቢያንስ 24፣ ተኝተውበት ለሚያድሩት ደግሞ 87። 38 ከመቶ ውኃ ያለው የድሮው ሃይድሮጄል በ0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲሠራ 10 እንኳ አይሞላም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ሲሊኮን ሃይድሮጄል ይህን ችግር በእጅጉ ቀርፎታል፤ ብዙ ባለቀለም ሌንሶች ግን ዛሬም የሚሠሩት ከድሮው ዓይነት ነው።

ልክም አለ። የለስላሳ ሌንስ ጉብጠት ብዙ ጊዜ 8.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ስፋቱ 14 አካባቢ ነው። ከጠበበ ይጣበቅና ከሥሩ እንባ አይዘዋወርም፤ ከሰፋ ይንሸራተታል፣ ይቆረቁራል። የመነጽር ቁጥርም እንዳለ አይገለበጥም። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በመነጽር −6.00 የሆነ ሰው በሌንስ ወደ −5.60 ይወርዳል።

«ለጌጥ ነው፣ ቁጥር የለውም»

የሻጮች የተለመደ መልስ ይሄ ነው። ኮርኒያ ግን ሌንሱ ለጌጥ ይሁን ለማየት አትለይም፤ ሁለቱም እኩል ይሸፍኗታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ቁጥር የሌለውን ጭምር ሁሉንም ኮንታክት ሌንስ የሕክምና መሣሪያ አድርጋ ፈርጃለች፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። በእኛም አገር የሕክምና መሣሪያዎችን የሚመለከት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ሙሽራ የሚያሳምሩ ሳሎኖች መደርደሪያ ላይ ያለው ሌንስ ከዚህ ቁጥጥር ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

መመሪያው የማንን ሕይወት ያውቃል?

ሁለተኛው ትችቴ ከሌንሱ ጋር ስለሚመጣው መመሪያ ነው። «ውኃ አያስነኩ፣ እጅ ይታጠቡ፣ ተኝተው አይደሩበት» ይላል። ልክ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለስላሳ ሌንስ ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10 ሺህ ሰዎች በዓመት 4 ያህሉ፣ ከሚያድሩበት ግን 21 ያህሉ የኮርኒያ ቁስለት እንደሚይዛቸው አሳይቷል። አካንታሚባ የተባለው ጥቃቅን ፍጥረት ደግሞ በቧንቧ፣ በጉድጓድና በወንዝ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ራሱን ጠቅልሎ ሲቀመጥ ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም።

ግን ይህን መመሪያ ከሚሴ ላይ ሆናችሁ አንብቡት። ቆላ ነው፣ ሙቀትና አቧራ አለ፤ ሙቀቱና ነፋሱ ሌንሱን ያደርቀዋል። ውኃ በጀሪካን የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው «ውኃ አያስነኩ» ሲባል ምን ያድርግ? መመሪያው ዝም ይላል። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም፦ ውዱእ ዓይን ውስጥ ውኃ ማስገባትን አይጠይቅም። ዓይንን ጨፍኖ መታጠብ፣ ሳይገልጡ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ። ኩልስ? የኩል ዱቄት ሌንስ ሥር ከገባ ኮርኒያን ይፍቃል፤ ሌንስና የውስጥ ኩል አብረው አይሄዱም። ቦርከና ወንዝ ለመዋኘት የሚወርድም ሌንሱን ቤቱ ትቶ ይሂድ።

ትራኮማም አለ። በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ አማራ ክልል ደግሞ ከሁሉም በላይ ከተጎዱት አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ወይም እንባው የደረቀ ዓይን ላይ ባለቀለም ሌንስ መለጠፍ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ይህን የሚያውቀው የመረመራችሁ ባለሙያ እንጂ ሻጩ አይደለም።

ታዲያ ሌንስ ይቅር?

አይቅር። ኮርኒያው እንደ ሾጣጣ ለሚወጣበት ኬራቶኮነስ በሽተኛ መነጽር የማይሰጠውን እይታ ጠንካራ ሌንስ ሊሰጠው ይችላል። ቁጥሩ ለከበደ ወጣትም ጥሩ አማራጭ ነው። ለአብዛኞቻችን ግን መነጽር ይበልጣል፦ ቢቆሽሽ ይጠረጋል፣ ዓይንም አይነካም።

ሌንስ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዓይናችሁን አስመርምሩ፤ ከከሚሴ ለሚነሳ ደሴ አካባቢ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ባለሙያው ከፈቀደ፣ አቅም እስካለ ድረስ ተጠቅመው በዕለቱ የሚጥሉትን ምረጡ፤ ማጠቢያ ፈሳሽ የመፈለግ ጣጣ የለውም። የሰው ሌንስ አትዋሱ። ዓይናችሁ ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ከፈራ ወይም ከደበዘዘ ወዲያው አውጡት፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነገ ይሻለኛል ብሎ መጠበቅ አይሠራም፤ አንዳንዱ ጀርም ኮርኒያን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሊበሳ ይችላል።