ያኔ ያልታወቀው፦ ስለ አብዮቱ ዘመን ልቦለዶችና ማስታወሻዎች

የ1966ቱን አብዮትና ያስከተለውን እልቂት የሚተርኩ መጻሕፍት ዛሬ ብዙ ናቸው። ከነዚህ ጥቂቶቹን በቅርቡ አከታትዬ አነበብኳቸው፤ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንደገና፣ የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ»፣ የደርግ ባለሥልጣናት የነበሩ ሰዎች ያሳተሟቸውን ማስታወሻዎች፣ በመጨረሻም መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ»። ልቦለዱን ከማስታወሻው ለይቼ ለመመዘን ነበር የጀመርኩት። እየገፋሁ ስሄድ ግን መጻሕፍቱን የሚለያያቸው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ጸሐፊው ነገሩ ሲፈጸም ያላወቀውን፣ በኋላ ግን የደረሰበትን ነገር በምን መልክ እንደያዘው። አለማወቁን ጠብቆ ያቆየ መጽሐፍ ያምኑታል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉን ያወቀ መጽሐፍ ግን፣ እውነት እየተናገረም ቢሆን፣ ያጠራጥራል።

«ኦሮማይ» በዚህ ረገድ ልዩ ዕድል ያለው ሥራ ነው። የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ የሚተርከው የኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከተካሄደ ብዙም ሳይቆይ፣ ጦርነቱ ገና ስምንት ዓመት ሲቀረው። በዓሉ ዘመቻውን በቅርብ ያየ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ የነገሩን ፍጻሜ ግን ሊያውቅ አይችልም። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው ማወቅና ማሳወቅ ነው። ይሁንና አሥመራ ገብቶ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ሲወድቅ፣ ይህች ሴት ለማን እንደምትሠራ አያውቅም። አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛው ሮማን ልቧ እንዴት እየራቀ እንደሆነም በውል አያይም። የመንግሥት ሹማምንት በየስብሰባው ስለ ድሉ በእርግጠኝነት ሲናገሩ ይሰማል፤ እነሱም ናቅፋ ተራራ ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው አያውቁም። የፍቅሩ ታሪክ ለማጣፈጫ የገባ አይደለም። የአንድ ሰው መታወር ከአንድ መንግሥት መታወር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ ሲገለጥ ሌላውም ይገለጣል።

መጽሐፉ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህ በደል ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን ንባባችንን አበላሽቶታል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የእንግሊዝኛው ትርጉም ሲወጣ ብዙ አስተዋዋቂዎች በቅድሚያ ያነሱት የደራሲውን መጥፋት ነበር። እኛም ብንሆን በየገጹ የሞቱን ምልክት እንፈልጋለን፤ ጸጋዬ በቀለደ ቁጥር ትንቢት የተናገረ ይመስለናል። በዓሉ ግን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ነው የጻፈው። ጸጋዬ አሥመራን በፍትወትና በጉጉት የሚያያት፣ ቡና ቤቶቿንና ጎዳናዎቿን የሚወድ፣ ነገ ያለው ሰው ሆኖ ነው። የእኛን የኋላ ዕውቀት ጭነንበት ስናነበው ይህ ሕያውነት ይጠፋል፤ ልቦለዱም ወደ ክስ ማስረጃነት ይወርዳል።

ሕይወት ተፈራ የነበረባት ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። እሷ የጻፈችው ሁሉም ነገር ካለቀ ብዙ ዓመታት ቆይታ ነው፤ መጽሐፉ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ከሐረር መጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት ከጌታቸው ማሩ ጋር ትተዋወቃለች፤ ንባቡም ትግሉም ፍቅሩም አንድ ላይ ይመጣሉ። ጌታቸው የኢሕአፓ አመራር ነበር። በከተማ የሚካሄደውን የትጥቅ ትግል በመቃወሙ «አንጃ» ተባለ፤ በገዛ ፓርቲው ታግቶም ተገደለ። ሕይወት ደግሞ በደርግ እስር ቤት ስምንት ዓመት አሳለፈች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ከመጀመሪያው ገጽ አንሥታ ፓርቲውን ልትከስ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ያቺን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደነበረች ትተዋታለች፤ በእምነቷ ሙሉ፣ በምታነበው መጽሐፍ የሰከረች፣ በፍቅረኛዋና በፓርቲዋ መካከል የተያዘች። ፓርቲው ስለ ጌታቸው የሚለውን ስትሰማ አንባቢው የሚሆነውን ያውቃል፤ ልጅቷ ግን አታውቅም። ይህ ክፍል እጅግ ያስጨንቃል፤ «ተይ፣ አትመኚያቸው» ለማለት ይዳዳል። የማስታወሻው ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ያ ትውልድ ያመነውን ለምን እንዳመነ በማብራሪያ አይገባንም፤ ያመነችውን ልጅ አጠገቧ ቆመን ስናያት ነው የሚገባን። ድክመቱ ደግሞ ጸሐፊዋ ከልጅቷ ተለይታ የድርጅቶችን ክርክርና የርዕዮተ ዓለም ልዩነት በምታስረዳባቸው ገጾች ላይ ይታያል። እነዚያ ገጾች ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ማንም የታሪክ ተመራማሪ ሊጽፋቸው ይችላል።

የደርግ ባለሥልጣናት የነበሩት የሻምበል ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» እና የሌተና ኮሎኔል ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» የወጡት ጸሐፊዎቻቸው ሃያ ዓመት ታስረው ከተፈቱ በኋላ ነው። ለታሪክ አጥኚ የማይናቁ ሰነዶች ናቸው፤ ደርግ በውስጡ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከዚያው ከነበረ ሰው መስማት ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ትረካ ግን ያልተፈተኑበት ፈተና አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ስለዚያ ሌሊት ሳነብ የምፈልገው ውሳኔው በተላለፈበት አዳራሽ ውስጥ የነበረው ወጣት መኮንን ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ፣ ማን ፊት እንዳፈረ፣ እጁን ሲያነሣ ምን እንደፈራ ነው። የማገኘው የስብሰባና የውሳኔ ታሪክ ነው። ወጣቱን መኮንን ሽማግሌው ሸፍኖታል፤ የሽማግሌው ማብራሪያ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን የወጣቱን ቦታ አይተካም። እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው መጻፋቸውን አከብራለሁ። ያላየኋቸው ግን እነሱን ራሳቸውን ነው።

መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ከአገር የወጣች ናት፤ ስለዚህ ዘመኑን የምታውቀው በልጅነት ትዝታና በምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ልቦለዷ የሚከፈተው ዶክተር ኃይሉ ከአንድ ወጣት ጀርባ ጥይት ሲያወጣ ነው። እጁ የሠለጠነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ነው፤ ማዳን ይችላል። በኋላ ወታደሮች ክፉኛ የተገረፈች ልጅ ያመጡለታል፤ አክሞ እንዲመልስላቸው። ቢያድናት ተመልሳ ወደ ገራፊዎቿ ትሄዳለች። ኃይሉ መርዝ ይሰጣትና ትሞታለች፤ እሱም ይታሰራል። በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ማንም በማስታወሻ ሊነግረን አይችልም፤ ልቦለድ ሥራው እንዲህ ያለ ቦታ መግባት ነው።

የዚሁ መጽሐፍ ሻለቃ ጉዱ ግን አላሳመነኝም። መንግሥቱ ኃይለማርያምን እያሰብን እንድናነበው የተቀረጸ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ገና ብቅ ሲል መጨረሻው ይታወቃል። መዓዛ በ1966 ዓ.ም. ሊታይ የማይችለውን የ1970ውን አምባገነን አስቀድማ አልብሳዋለች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ለምን እንዳጨበጨበለት ከዚህ ጉዱ አይገኝም። ኃይሉ መርዙን ሲሰጥ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አይደለም፤ ደራሲዋም አትፈርድለትም። ጉዱ ላይ ያጣሁት ይህንኑ ትዕግሥት ነው።