ሐሰተኛው ምስክር የሚያውቀው እውነት

አንድ ጽሑፍ ጻፈው በተባለው ሰው እጅ፣ ተጻፈ በተባለበት ዘመን አለመጻፉን ማረጋገጥ ለጽሑፍ መርማሪ የሥራው እኩሌታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከሳሹ «ሐሰት ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ተከላካዩም ክብሩ የተነካ መስሎት ጆሮውን ይደፍናል። በሙግት ሸንጎ ሐሰተኛ ምስክር ያላየውን ቢናገርም፣ ማን እንዳቆመውና ክርክሩ በምን ላይ እንደሆነ ከቃሉ መረዳት ይቻላል። በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ ስለሚተርከው ዘመን ባይታመን እንኳ ስለተጻፈበት ዘመን ብዙ ይነግረናል። ይህን ለመመርመር ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ጥሩ መነሻ ናቸው። የአገሩ ገዥዎች የነበሩት ዋግሹሞች ራሳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር ይቆጥሩ ስለነበር፣ ለዛጉዌ ሕጋዊነትን የሚሰጥም ሆነ የሚነሣ ጽሑፍ ሁሉ እነሱን ይነካ ነበር።

ከሚነሡት እንጀምር። የነገሥታትን ሐረግ ከእስራኤል የሚያወርደው ክብረ ነገሥት ትረካውን በኒቅያ ጉባኤ በተሰበሰቡት 318 አባቶች ፊት ያቆመዋል፤ ደማቴዎስ የተባለው የሮም ሊቀ ጳጳስም የነገሥታቱን ክብር የሚያስረዳውን መጽሐፍ በሶፍያ ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘው ይናገራል። ጉባኤው የተካሄደው በ325 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመጽሐፉ ቋንቋ ሮም የሚባለው ቁስጥንጥንያ ነው፤ ከተማው የተመረቀው በ330፣ የመጀመሪያው የሶፍያ ቤተ ክርስቲያንም በ360 ነው። ስለዚህ ማዕቀፉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። «ከጥንት ቦታ ተገኘ» የሚለው አቀራረብ ደግሞ ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ አይደለም። የጳውሎስ ራእይ የሚባለው መጽሐፍ በጠርሴስ በሐዋርያው ቤት መሠረት ሥር ተገኘሁ ይላል። የአምስተኛው መቶ ዘመን የታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜን ግን አንድ የጠርሴስ ሽማግሌ ቄስ ጠይቆ እንዲህ ያለ ነገር በከተማው እንዳልተሰማ ጽፏል። ምርመራ የዘመናችን ፈጠራ አለመሆኑን ይህ ብቻ ያስረዳል።

ለዋግ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የክብረ ነገሥት የመዝጊያ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው እንደሚለው መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በራሱ አቆጣጠር በ409 ዓመተ ምሕረት ማለትም በ1225፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው። ወደ ግዕዝ የመለሰው ደግሞ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ሲሆን፣ ሊቃውንት ይህን በ1314 እና በ1321 መካከል ያደርጉታል። በላሊበላ ዘመን ወደ ግዕዝ ያልተመለሰበትን ምክንያት ሲያስረዳም፣ መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ሳይሆኑ የሚነግሡትን ሕግ አፍራሾች ስለሚላቸው በዛጉዌ ጊዜ አልተተረጐመም ይላል። የተጠቀሰው ዓመት ሊሆን የሚችል ነው፤ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል የሚገኘው የላሊበላ የመሬት ስጦታም በዚያው በ1225 የተጻፈ ነው። ዓመቱ ሊሆን የሚችል መሆኑ ግን ድርጊቱ መፈጸሙን አያረጋግጥም። ከዓመቱ ይልቅ የሚናገረው ማብራሪያው ራሱ ነው፤ ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ አይጽፍም። በ1270 ዛጉዌ ከወደቀ ግማሽ ምእተ ዓመት ገደማ በኋላም «ይህ መጽሐፍ እስካሁን የት ነበር?» የሚል አንባቢ ይጠበቅ ነበር፣ የዛጉዌም ጉዳይ ገና አልተዘጋም ነበር ማለት ነው። በተጨማሪም በማስታወሻው የተጠቀሰው ደጋፊ በትግራይ የእንደርታ ገዥ ያዕቢከ እግዚእ በኋላ በንጉሥ ዓምደ ጽዮን ላይ የሸፈተ ሰው ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ዛጉዌን የተካው አዲስ ሥርወ መንግሥት ያዘዘው ብቻ አድርጎ ማየት ያሳስታል፤ የትግራይም ገዥዎች በእስራኤላዊነት ክርክር ውስጥ የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

የሚሰጡት ጽሑፎች መልክ ሌላ ነው። ብዕለ ነገሥት በሚባለው ትረካና በአንዳንድ ገድሎች የዛጉዌው ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ በአባቶች ሽምግልና መንግሥቱን በሰላም ለአዲሱ ሥርወ መንግሥት መሥራች ለይኩኖ አምላክ ያስረክባል፤ ለዛጉዌ ወራሾችም ክብርና አገር ይቀርላቸዋል፣ ለቤተ ክርስቲያንም የምድሪቱ ሢሶ ይሰጣል። የሽማግሌው ማንነት ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ አንዱ ኢየሱስ ሞዓን፣ ሌላው ተክለ ሃይማኖትን ያቀርባል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ጥናት የሰላሙን ርክክብ የኋላ ዘመን ሥራ ነው ብለው፣ የመጨረሻው ንጉሥ ይትባረክ በጋይንት በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መገደሉን የሚያወሳውን ወግ አጠንክረዋል። ታዲያ ሰላማዊው ትረካ ሦስት ወገን ያስማማል፤ ዙፋኑ ከደም ይነጻል፣ ገዳሙ መሬቱን ያጸናል፣ ዋግ ማዕረጉን ይይዛል። ተሸናፊ የተባለው ወገን በትረካው ውስጥ ሰጪ ሆኖ መቅረቡ፣ ትረካው በተቀናበረበት ጊዜ ዙፋኑ የዋግን ፈቃድ ዋጋ ይሰጠው እንደነበር ያመለክታል። ይህ የወረቀት ክብር ብቻም አልነበረም፤ ዋግሹም ጎበዜ በ1868 ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡና እስከ 1871 ሲገዙ የዛጉዌ ዘርነት ገና የሚቆጠር ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ጥቅም ማግኘት ሐሰትን አያስረዳም፤ እውነተኛ የጉልት ደብዳቤም ባለቤቱን ይጠቅማል። ልክ ነው፤ «ማን ተጠቀመ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ማንሣት መርማሪውን ወደ ጠባብ ጥርጣሬ ይጥለዋል። ቅደም ተከተሉ ሌላ መሆን አለበት። መጀመሪያ ቀደም ካለ ምንጭ ጋር መጋጨቱ፣ ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ስም ወይም ሕንፃ ወይም ማዕረግ መኖሩ፣ የቅጂዎቹ ዕድሜና የትረካው መለዋወጥ ይመረመራል፤ የጥቅም ጥያቄ የሚመጣው ጽሑፉ በዚህ ሚዛን ከወደቀ በኋላ፣ ለምን እንደተጻፈ ለማስረዳት ነው። የኋላ ትረካ ውስጥ የቀድሞ ቅሪት ሊኖር ይችላል የሚለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅሪቱን በሌላ ምንጭ ማሳየት የተናጋሪው ግዴታ ነው፣ ሊኖር መቻሉ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአክብሮት የመጣ ነው፤ የጥንት ሰው በአባቶች ስም ቢጽፍ ለማክበር እንጂ ለማታለል አልነበረም ይባላል። በአንዳንዱ ሊሆን ይችላል፣ በሁሉም ግን አይደለም። ተርቱልያኖስ እንደዘገበው በእስያ አንድ ቄስ «የጳውሎስ ሥራ» የተባለውን ጽሑፍ አቀናብሮ ለጳውሎስ ካለኝ ፍቅር ነው ቢልም ከሹመቱ ወርዷል፤ የአንጾኪያው ሰራፕዮንም በጴጥሮስ ስም የቀረበን ወንጌል መርምሮ አልተቀበለውም። ፍቅርና ማሳሳት በአንድ ብዕር ሊገናኙ እንደሚችሉ ጥንታውያኑ ያውቁ ነበር። በሌላ በኩል የደራሲነት ጥያቄ ከአጠባበቅ ጥያቄ ጋር መደባለቅ የለበትም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ በቁምራን የተገኙትና ተመራማሪው ሚሊክ በ1976 ያሳተማቸው የአራማይክ ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነትና የግዕዙን ትርጉም ዋጋ አጸኑ። ጽሑፉን የጻፈው ከጥፋት ውኃ በፊት የነበረው ሄኖክ አይደለም ብሎ የሚያምን ሊቅም ለዘመናት በጥንቃቄ የገለበጡትን ደብተራዎች ምስጋና አይነፍጋቸውም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን 81 ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ መቈጠሩም የቤተ ክርስቲያን ውሳኔ እንጂ የመርማሪው ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ክርክር የሚወጣው ትእዛዝ ለዋግ ብራናዎች መዝጋቢ የሚሠራ ነው። በአንድ ወንጌል ኅዳግ ላይ በላሊበላ ስም የተጻፈ፣ እጁ ግን የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የሚመስል የመሬት ስጦታ ቢገኝ፣ መጀመሪያ የቀድሞ ሰነድ ግልባጭ እንደሆነ መጠየቅ፣ የሹማምንቱን ስምና የእርግማኑን አቀማመጥ በወርቁ ወንጌል ከሚገኙት ሰነዶች ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ባይገጥም ሰነዱ ከዝርዝር አይወጣም፤ ስለ ላሊበላ የሚለው ምስክርነት ተነሥቶለት፣ መሬቱን ማን በማን ላይ ይከራከርበት እንደነበር የሚነግር የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ምንጭ ሆኖ ይመዘገባል። የምርመራ ውጤት ቀኑን ያርማል፤ ሰነዱን መሰረዝ ግን የመርማሪ ሥልጣን አይደለም።