የአልቫሬስ መጽሐፍና የላሊበላ ሠሪዎች ጥያቄ

የመካከለኛውን ዘመን የአፍሪካ ታሪክና ጂኦግራፊ የሚያስተምር መምህር ስለ ላስታ የውጭ አገር የዓይን ምስክር ሲፈልግ፣ አስቀድሞ የሚያገኘው የፖርቱጋላዊውን ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬስን መጽሐፍ ነው። አልቫሬስ በ1520 ከአገሩ መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥቶ እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የመጽሐፉ ብርቱ ጎን በዓይን የታየውን መመዝገቡ ነው። ደራሲው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ተመልክቶ የዓምዶቻቸውን፣ የርዝመታቸውንና የስፋታቸውን ልክ ጽፏል። አንባቢው እንዳያምነው ስለ ሠጋም እውነተኛነቱን በመሐላ አረጋግጧል። ለጂኦግራፊ ትምህርት ከዚህ የተሻለ የጥንት ሰነድ በቀላሉ አይገኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ደራሲው ካየው ወደ ሰማው ሲሻገር ነው። ሥራው ሁሉ በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመና የሠሩትም ነጮች እንደ ሆኑ ሰዎች ነገሩኝ ይላል። ወሬ መሆኑን አልደበቀም፤ ይሁን እንጂ አልመረመረውም። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ደግሞ «ነገሩኝ» የምትለውን ቃል ጥለው ወሬውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

ይህ ዐይነቱ ግምት በላስታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የታላቋን ዚምባብዌ የድንጋይ ግንቦች አፍሪካውያን ሊሠሯቸው አይችሉም ተብሎ ለፊንቄያውያንና ለሌሎች ባዕዳን ሲሰጡ ኖረዋል። ራንዳል-ማክአይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን-ቶምሰንም በ1929 ቆፍረው መርምረው የአገሩ ተወላጆች ሥራ መሆናቸውን አስረድተዋል። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን አቅርቦ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪው አንድ ምንጭ ያየውንና የሰማውን ለይቶ እንዲያነብ ለማለማመድ ጥሩ አጋጣሚ ያገኛል።

ስለ 24 ዓመቱም ቢሆን ዐለቱ ራሱ ሌላ ይናገራል። ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሮ ለመጠረብ የሚመች ነው፤ ሆኖም የተዘጉና እንደ ገና የተከፈቱ በሮች፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጠልቀው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ሥራው በአያሌ ደረጃዎች መከናወኑን ያሳያሉ። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥንታዊውን ክፍል ወደ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው መቶ ዓመት ይወስዱታል። ይህ አሁንም የሚያከራክር አስተያየት ነው። ንጉሥ ላሊበላ ግን ገድሉ ብቻ የሚያውቀው ሰው አይደለም፤ በሽምዛናው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ የተጻፈ የጉልት ስጦታ በ1225 በዙፋን ላይ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የነጮቹን ወሬ የሚያፈርሰው ማስረጃ በራሱ በአልቫሬስ መጽሐፍ አጠገብ መገኘቱ ነው። ደራሲው ከላሊበላ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ ወዳለው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዶ ቤተ ክርስቲያኑን ገልጿል። ያ ሕንፃ እንደ አክሱም ሥራ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደራረበ፣ አንዱ ገባ አንዱ ወጣ እያለ የተሠራ ነው። በላሊበላ ያለው የቤተ አማኑኤል ግድግዳም ይኸንኑ መልክ ይዟል፤ ነገር ግን እዚያ እንጨት የሚባል ነገር የለም፣ ጠራቢው የእንጨቱን ረድፍ በዐለቱ ላይ ቀርጾታል። የአገሩን የአሠራር ልማድ በእጁ የያዘ ባለሙያ ካልሆነ በቀር፣ ሕንፃውን ለመሸከም የማያስፈልገውን የእንጨት መልክ በድንጋይ የሚደግምበት ምክንያት አይኖረውም። አልቫሬስ ሁለቱንም ቦታ በእግሩ ረግጦ ሳለ አንዱን ከሌላው ጋር አላስተያየም።