አማዲንዳ በቴምብር ላይ

ቴምብር መሰብሰብ በአንድ ርእሰ ጉዳይ ሲወሰን ሰብሳቢው ከአገርና ከዘመን ይልቅ ዓይነትን ያስቀድማል። የባህል የሙዚቃ መሣሪያዎችን የያዙ አልበሞችም ብዙውን ጊዜ የክር፣ የትንፋሽና የምት እየተባሉ ይደረደራሉ። አደራደሩ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን የቴምብሩን ግማሽ ታሪክ ያስቀራል።

ለዚህ አብነት የሚሆኑት ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1970 በጋራ ያወጧቸው ቴምብሮች ናቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪፈርስ ድረስ ሦስቱ አገሮች በአንድ ፖስታ ይገለገሉ ነበር። በአራቱ ቴምብሮች የቀረቡት ማሪምባ፣ አማዲንዳ፣ ንዞማሪና አዴውዴው ናቸው።

አማዲንዳ በሙዝ ግንድ ላይ የሚጋደሙ 12 የእንጨት ርብራቦች ያሉት የቡጋንዳ መሣሪያ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ይመታሉ፤ ሦስተኛው በጫፍ ባሉት ሁለት ርብራቦች ላይ ይጫወታል። የሚሰማው ዜማ ከሦስቱ አንዳቸውም ለብቻቸው የማይመቱት ነው። ይህ ጥበብ ከካባካው ቤተ መንግሥት ጋር የተቆራኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የዩጋንዳ ጦር ቤተ መንግሥቱን ወረረ፤ ካባካ ሙቴሳ 2ኛ ተሰደዱ፤ ሙዚቀኞቹ ተበተኑ። በ1967 ነገሥታቱ በሕገ መንግሥት ተሻሩ፤ ሙቴሳም በ1969 ለንደን ውስጥ ዐረፉ። ዙፋኑ የተመለሰው በ1993 ነው። እንግዲህ ቴምብሩ የወጣው ካባካው ባረፉ በወራት ውስጥ ነው። የቤተ መንግሥቱን ደጅ የዘጋው መንግሥት በጋራ ባለቤት የሆነበት ፖስታ፣ የቤተ መንግሥቱን መሣሪያ የአገር ጌጥ አድርጎ አወጣው። በ«ምት» ገጽ ላይ ከሌላ አገር ከበሮ አጠገብ የተለጠፈ አማዲንዳ ይህን ሊናገር አይችልም። ቴምብሮቹ በዓመታቸው ቢደረደሩ ግን ተመልካቹ ቢያንስ «ለምን በ1970?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ያገኛል።

ያልታተመበትን ንጹሕ ቴምብር ብቻ የመፈለግ ልማድም ጉዳቱን ያብሳል፤ ማኅተሙ ደብዳቤው የተላከበትን ከተማና ቀን የያዘ ነውና።

የስያሜውም ነገር እንዲሁ ነው። የኢቴሶዎችን አዴውዴው በአማርኛ «የዩጋንዳ በገና» ብሎ መጻፍ ይቀናል። ይሁንና የበገና አውታሮች የሚወጠሩት ሁለት ምሰሶዎች በተሸከሙት ቀንበር ላይ ሲሆን፣ አዴውዴው ግን ምሰሶም ቀንበርም የለውም፤ አውታሮቹ ከገበቴው ወጥቶ በሚጎብጥ አንድ አንገት ላይ ይታሰራሉ። የበገናና የክራር እውነተኛ ዘመድ ሌላው፣ የኬንያ ሉዎዎች ባለ 8 አውታሩ ኛቲቲ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ብዙ ባሕር ማዶኛ መሣሪያዎች «በገና» ተብለው ስለተፈቱ ስሕተቱ አይገርምም። ከቴምብሩ ሥር «አዴውዴው» ብሎ መጻፍና ቅርጹን በአንድ መስመር ማስረዳት ይሻላል።