የሰኞ ሠላሳ፣ የዓርብ ሃያ

የዓመት ንባብ እቅድ አብዛኛውን ጊዜ የመጻሕፍት ዝርዝር ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ላይ በሞቀ ልብ ይጻፋል፣ ጥቅምት ሳይጋመስ ይረሳል። መልካሳ ለሚኖር ሰው ይህ ሊያስገርመው ይገባል። የግብርና ምርምር ማዕከላችን ዝናብ ለሚያጥረው አገር ቶሎ የሚደርስ በቆሎና ቦሎቄ ሲያወጣ የኖረ ነው፤ ዝናቡ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ሳይገምት የሚዘራ ገበሬም እዚህ የለም። ንባባችንን ግን በዘፈቀደ እንበትነዋለን።

በእኔ ግምት ከሁሉ የተዋጣለት የንባብ እቅድ በየቤቱ አለ። ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ የቀረው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ለሰኞ 30 ከተሰጠ ለዓርብ ለምን 20 ብቻ? ገልጦ ማየት ነው። 118ኛው መዝሙር የወደቀው ዓርብ ላይ ነው፤ በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት የተከፈለ፣ 176 ቁጥር ያለው፣ ከሁሉም ረጅሙ። ረቡዕም 20 ነው፤ እሱም 77ኛውን፣ ሌላውን ረጅም መዝሙር ተሸክሟል። ክፍፍሉ በቁጥር ሳይሆን በክብደት የተመዘነ ይመስላል። ቅዳሜ ግን 20 ሆኖም ቀላል ነው፤ መዝሙሮቹ አጫጭር ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ላነበበ ሰው የተተወች እፎይታ አድርጌ እወስዳታለሁ።

የብራናውን ዳዊት ያየ ደግሞ ጸሐፊው ስለ አንባቢው ምን ያህል እንዳሰበ ይገባዋል። መስመሩ በቀለም አልተሰመረም፤ በወስፌ ጫፍ ተጭኖ የቀረ ሰርጥ ነው፣ ወደ ብርሃን ካላዘነበሉት አይታይም። እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር አለው። ስንኙ ሲረዝም የተረፉት ቃላት ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ይጠጋሉ እንጂ የሌላውን ስንኝ ቦታ አይሻሙም፤ አንባቢው የት መተንፈስ እንዳለበት ዓይኑ ይነግረዋል። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ በንጉሡ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ተደርድሮ ይታያል። ከሁሉ የምወደው ግን በአንዳንድ ብራናዎች ጠርዝ ላይ የተሰፋችውን ባለቀለም ክር ነው። መጽሐፉ ተከድኖም ጫፏ ወጣ ብሎ ይታያል፤ አቋርጦ የተነሣ ሰው በጣቱ ዳብሶ ያቆመበትን ክፍል ያገኛል። እቅዱን ያወጣው ሰው አንባቢ እንደሚያቋርጥ ያውቅ ነበር!

ዓመቱን በሙሉ የሚያቅደው ደግሞ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፉ ስንክሳር ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለየዕለቱ ንባብ አለው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ የመጣ ቢሆንም የአገሩ ሰዎች እየተጨመሩበት አድጓል፤ ያሬድ ግንቦት 11፣ ላሊበላ ሰኔ 12። ብዙ ጊዜ በሁለት ጥራዝ ይዘጋጃል፣ ሁለተኛው በመጋቢት ይጀምራል። በከፈትነው በአምስተኛው ቀን የምናገኘው የዝቋላውን ጻድቅ፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነው፤ ለእኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ጎረቤት ማለት ናቸው። ከታሪኩ በኋላ አርኬ ይከተላል፤ በአንድ ፊደል ቤት የሚመታ ባለ አምስት ስንኝ ግጥም። ገጽ ሙሉ የተተረከ ሕይወት ወደ አምስት መስመር ሲጠብብ ምን እንደተጣለና ምን እንደቀረ ማየት ለእኔ ከታሪኩ እኩል ደስ ይላል።

የራሴን ዓመት ከእነዚህ ሁለቱ ቀድቼ አቅጄዋለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዓርብ መዝሙር ነው፤ ብቻውን ሰፊ ጊዜ ተሰጥቶታል፣ አጠገቡ ሌላ ረጅም መጽሐፍ አልተቀመጠም። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ግን ከአንድ የአጫጭር ልብወለዶች መድብል ጋር አንድ ወር ይጋራል። ጳጉሜን ባዶ ነው፤ አዲስ መጽሐፍ አይገባበትም። በእነዚያ ቀናት የሚነበበው ደብተሬ ነው፦ ለጨረስሁት መጽሐፍ ሁሉ አምስት መስመር፣ ቤት ባይመታም። አምስቱን መሙላት ያቃተኝ መጽሐፍ በሚመጣው ዓመት ዝርዝር ውስጥ አይደገምም። አምስቱ ያልበቁት ደግሞ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ይሰፋለታል።