ዘካርያስን ማን ጠየቀው?
ስለ ብዝኃነትና አካታችነት በምናደርጋቸው ውይይቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አዳራሾች፣ በሥልጠና ማእከላትና በእኛው በሴሚናሪዎች ሦስት ቃላት ደጋግመው ይሰማሉ፦ ብዝኃነት፣ አካታችነት፣ አጋርነት። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ከእነዚህ መድረኮች በአንዱ ተገኝተው ይሆናል። የመርሐ ግብሩ ቅርጽ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። በጸሎት ይከፈታል፤ ከሉቃስ 14 ስለ ታላቁ እራት ይሰበካል፤ አንድ መጋቢ፣ አንድ የፕሮጀክት አስተባባሪና አንድ ባለሙያ ከመድረክ ይወያያሉ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንድ መስማት የተሳነው ወጣት የአምስት ደቂቃ ምስክርነት ይሰጣል። ጉባኤው በጭብጨባ ፈንታ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ያወዛውዝለታል፤ የጋራ ፎቶግራፍ ይነሣል። የአቋም መግለጫው ግን ከዋዜማው ጀምሮ ተጽፎና ታትሞ በየተሳታፊው ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል።

የዚህ ሂስ ዒላማ ስብከቱም ፎቶግራፉም አይደለም፤ ቀድሞ የታተመው የአቋም መግለጫ ነው። ውይይቱ ሳይጀመር ውሳኔው ካለቀ፣ የተጋበዘው ሰው የመጣው ሊመክር ሳይሆን ለሌሎች ምክር ማስረጃ ሊሆን ነው። «የበይ ተመልካች» የምንለው ዓይነት ሰው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ወንበር የተሰጠው መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ውይይት አካታች መሆኑ የሚለካው «እነማን ተገኙ?» በሚለው ጥያቄ ሳይሆን «የተጠየቀው ሰው መልስ ውሳኔውን ሊለውጥ ይችል ነበርን?» በሚለው ነው ብዬ እከራከራለሁ። ነገሩ በጥቅሉ ተንሳፍፎ እንዳይቀር መስማት በተሳናቸው ምእመናን ላይ ወስኜ አቀርበዋለሁ።

ሉቃስ 14 ለእነዚህ መድረኮች መመረጡ አያስገርምም፤ ግሩም ክፍል ነው። ችግሩ ስንሰብከው የምንይዘው ቦታ ነው። እኛ ሁልጊዜ ባለ ድግሱ ነን፤ አዳራሹ የእኛ፣ ወጡ የእኛ፣ ቸርነቱም የእኛ። በምሳሌው ውስጥ ግን ደጋሹ አንድ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከተጠሩት መካከል እንጂ ከጠሪው ወንበር ላይ አይደለችም። ለዚህ ጉዳይ የሚሻል ክፍል ፈልጉ ብባል እዚያው ሉቃስ ወንጌል ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሼ 1፥57-66ን እመርጥ ነበር። ይህ ክፍል በገና ሰሞን በጥድፊያ የምናልፈው የመንደር ውይይት ነው።

ጎረቤቶችና ዘመዶች በስምንተኛው ቀን ተሰብስበዋል። ስሙም ወጥቷል፦ እንደ አባቱ ዘካርያስ። የግሪኩ ግስ ድርጊቱ በሂደት ላይ እንደ ነበረ ስለሚያሳይ፣ በዚያ ስም መጥራት ጀምረው ነበር ለማለት ይቻላል። በእኛ አነጋገር የአቋም መግለጫው ታትሟል። እናቲቱ ትቃወማለች፤ እነርሱ ግን በዘመዶቿ መካከል እንዲህ የሚባል ሰው አለመኖሩን ጠቅሰው ይሞግቷታል። (ዘጠኝ ወር የተሸከመችውን ሴት ቃል በዘር ሐረግ መሻር ያኔም ቀላል ነበር።) ከዚያ ወደ አባትየው ዞረው በምልክት ይጠይቁታል። እርሱም መጻፊያ ለምኖ ስሙ ዮሐንስ እንደ ሆነ ይጽፋል፤ ጉባኤው ይደነቃል፤ ስሙም ይለወጣል።

ሉቃስ በቁጥር 22 ስለ ዘካርያስ የሚጠቀምበት የግሪክ ቃል «ኮፎስ» ነው። ቃሉ መናገር የማይችልን፣ መስማት የማይችልን ወይም ሁለቱንም ሊያመለክት ይችላል። ዘመዶቹ በድምፅ ሳይሆን በምልክት መጠየቃቸው፣ ብዙ ተርጓሚዎች እንዳስተዋሉት፣ መስማትም ተስኖት እንደ ነበረ ይጠቁማል። ጥያቄያቸውም ትኩረት ይገባዋል። «ዘካርያስ ብለነዋል፤ ትስማማለህ?» አላሉትም። ማን እንዲባል ይወድ እንደ ሆነ ነው የጠየቁት፤ ጥያቄው ክፍት ነበር። በሥልጠና መድረኮቻችን ለመስማት የተሳናቸው ተሳታፊዎች የምናቀርበው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ሁሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ይህን ክፍል በክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ የዘካርያስ ዝምታ ቅጣት አይደለም ወይ? በእርግጥ ነው፤ መልአኩ በቁጥር 20 ምክንያቱን ነግሮታል። ነገር ግን በአንድ ካህን ላይ ባለማመኑ የደረሰውን ለአካል ጉዳት ሁሉ ማብራሪያ ማድረግ ጌታ በዮሐንስ 9፥3 የዘጋውን በር መልሶ መክፈት ነው። ይልቅ ተማሪዎቼ የማይጠይቁት፣ እኔ ግን እንዲጠይቁት የምመኘው፣ የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። ዘካርያስ በቁጥር 63 ይጽፋል፤ አፉ የሚከፈተው በቁጥር 64 ነው። ከእግዚአብሔር የመጣው ስም ወደዚያ ጉባኤ የደረሰው ገና ባልተፈወሰ ሰው እጅ ነው።

እኛ ወንጌላውያን በፈውስ እናምናለን፤ እኔም አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ በዚያ ላይ እንደ ተነሣ ሙግት የሚያነብ ቢኖር አልተግባባንም ማለት ነው። የምቃወመው ፈውስን የተሳትፎ ቅድመ ሁኔታ ማድረጋችንን ነው። መስማት የተሳነው አማኝ በየጉባኤው ወደ መድረክ ተጠርቶ እጅ ይጫንበታል። ስለ ሽማግሌዎች ምርጫ፣ ስለ ሕንጻው በጀት፣ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህራን ምን እንደሚያስብ ግን አይጠየቅም። ጆሮው ሲከፈት የሚጠየቅ ይመስል! አንዳንዱ በአንድ አጥቢያ ሃያ ዓመት አምልኮ፣ ከጸሎት ርእስነት ወደ አባልነት ሳይሸጋገር ይኖራል።

ከዚህ ልማድ በስተ ጀርባ የአፈታት ችግርም ያለ ይመስለኛል። ሮሜ 10፥17 እምነትን ከመስማት ጋር ያያይዛል፤ እኛም ወዲያው ጆሮን እናስባለን። ጳውሎስ የተጠቀመበት «አኮኤ» የተባለው ቃል ግን የመስማትን ድርጊት ብቻ ሳይሆን የሚሰማውን ነገር፣ ወሬውንና መልእክቱንም ያመለክታል። አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ከኢሳይያስ 53 በጠቀሰው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ሲሆን፣ እዚያ ትርጉሙ የተነገረው መልእክት መሆኑ ግልጽ ነው። መልእክት ደግሞ በዓይንና በእጅም ይደርሳል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። የፊደል ሥርዓቱ እንኳ ተነባቢውን በእጅ ቅርጽ፣ ሰባቱን ሆሄያት ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። በዚህ ቋንቋ ወንጌል የደረሰው ሰው ወንጌልን በምጽዋት ወይም በትርፍራፊ አልተቀበለም።

የመድረክ ቋንቋችንም መታየት አለበት። የ1954ቱ ትርጉም በማርቆስ 7 ወደ ጌታ የተወሰደውን ሰው «ደንቆሮ» ይለዋል። በዛሬው አማርኛ ይህ ቃል ስድብ ነው። የማይገባውን፣ የማያስተውለውን ሰው የምንጠራበት ነው። ሰባኪዎቻችንም «መንፈሳዊ ደንቆሮ» ይላሉ፤ ጉባኤውም አሜን ይላል። በፊት ረድፍ ቆማ የምታስተረጉመው እኅት ይህን በእጇ ምን ብላ ታስተርጉመው? ዘሌዋውያን 19፥14 መስማት የማይችለውን መሳደብ ይከለክላል። ሕጉ የሚያስደንቀው ሰውየው ራሱ ከማይሰማው ስድብ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ግን ስድቡ ተተርጉሞ፣ ዓይኑ እያየ ይደርሰዋል። በዚያው በማርቆስ 7 ጌታ የሚያደርገውን እናስተውል፦ ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ይወስደዋል፤ ጆሮውን ይነካል፤ ምላሱን ይነካል፤ ወደ ሰማይ ያያል። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ነው። ሰውየው ሊከታተለው በሚችለው መንገድ ምን እንደሚያደርግለት አስቀድሞ ነገረው። መድረክ ላይ አውጥቶ አላቆመውም።

አሁን ወደ «አጋርነት» ልምጣ። በእነዚህ መድረኮች አጋር ተብሎ የሚመሰገነው ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚው ነው። ምስጋናው ይገባዋል። በባለሙያዎች ዘንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይቀያየራሉ፤ በእኛ ቤት አንዲት እኅት የሦስት ሰዓት አምልኮ ብቻዋን፣ ያለ ክፍያ፣ ቆማ ትወጣለች። ነገር ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። የምስክር ወረቀቱ ለአስተርጓሚው ይሰጣል፤ ማይክሮፎኑም ለእርሱ። ስለ መስማት የተሳናቸው ጉዳይ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ኮሚቴ ውስጥ የሚገባውም እርሱ ነው። ቀስ በቀስ አጋሩ ድልድይ መሆኑ ቀርቶ በረኛ ይሆናል። ጥፋቱ የአስተርጓሚው አይደለም፤ አንድ የሚሰማ ሰው አግኝተን በአጭሩ ለመገላገል የምንፈልግ የእኛ ነው። በሉቃስ 1 ዘካርያስ መጻፊያ ለመነ፤ ስለዚህ አንድ ሰው አምጥቶለታል። ማን እንደ ሆነ ሉቃስ አይነግረንም። ያ ሰው ሰሌዳውን ካቀበለ በኋላ በታሪኩ ውስጥ የለም፤ የሕፃኑንም ስም አልጻፈም።

«ይህ መልካም ሐሳብ ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ግን ውይይት ውሳኔን አይለውጥም» ለሚል አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያቋቋሙት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የተጋፈጠው «የማኅበረሰብ ውይይት» በተባለ ዘዴ ነበር። ከምባታ ብዙ ወንጌላውያን ያሉበት አካባቢ ነው፤ ልማዱን ሲያደርጉ ከነበሩትም ብዙዎቹ የእኛው ምእመናን ነበሩ። በውይይቱ ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ ልጃገረዶችም በአንድ ክብ ተቀመጡ፤ ስለ እነርሱ የሚነገርላቸው ሴቶች በክቡ ውስጥ ነበሩ፤ ጊዜም ተወሰደ፤ የሚመጣው ውሳኔ አስቀድሞ በወረቀት አልታተመም። አጋርነትም ዋጋ ነበረው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያልተገረዘች ሙሽራና እርሷን ለማግባት የወደደ ሙሽራ ይህንኑ በሠርጋቸው ቀን በአደባባይ አሳወቁ። ያ ሙሽራ ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም በሚባልበት አገር የቤተሰቡን ክብር አስይዞ ነው አጋር የሆነው። እኛ ለአጋርነት ያስያዝነው ምንድን ነው? ከሰዓት በኋላ አንድ ቅዳሜ?

እነዚህን ቃላት በጥርጣሬ የሚያዩ ወንድሞች አሉ። አካታችነትና አጋርነት ከለጋሾች ሰነድ የመጡ ናቸው፣ በሌላ አገር ሌላ ሙግት ይሸከማሉ ይላሉ። ቃላትን መመርመር ሥራችን ነውና ጥርጣሬያቸውን አላጣጥልም። ሆኖም የዘሌዋውያን ሕግ ከየትኛውም የፕሮጀክት ሰነድ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ሰውን በነፍስና በሥጋ ከፍሎ ማገልገልን ስትቃወም ይህን ከማንም አልተዋሰችም። በ1981 እ.ኤ.አ. መስማት ለተሳናቸው ልጆች በሆሳዕና ትምህርት ቤት የከፈተችውም ይህችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ቃሉን የማይወድ ሰው ሌላ ቃል ይፈልግለት፤ ግዴታው ግን በቃሉ ምርጫ አይቀርም።

የእኛ የሴሚናሪ መምህራን ድርሻ ምናልባት ከሁሉ የከበደው ነው። «ስርየት»፣ «ጽድቅ»፣ «ጸጋ» ለሚሉት ቃሎች በምልክት ቋንቋ ምን ምልክት እንደሚስማማ የሚጠይቅ ጉባኤ ብንጠራ፣ ልማዳችን ሦስት የግሪክ መምህራንና አንድ አስተርጓሚ ማስቀመጥ ነው። የግሪክ መምህራኑ ቃሉ በጳውሎስ ዘንድ ምን እንደሚል መናገር ይችላሉ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ምልክቱ በቋንቋው የሚኖር ይሁን አይሁን የሚያውቀው ግን ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው። («የአፍ መፍቻ» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ምን ያህል ለአፍ እንደሚያደላ ልብ ይሏል!) ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው አማኞች ይሁኑ፤ ሰብሳቢውም ከእነርሱ ይሁን፤ የግሪክ መምህራኑ ሲጠየቁ ይመልሱ፤ ቃለ ጉባኤውም ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይጻፍ።